መግቢያው አፍ ላይ የቆመው

አባ ገመድ የሚለውን ስም ያወጣለት የመርከቡ ሼፍ ነው። ሼፉ ሥራው ድስት ማማሰል ቢሆንም ነገር ማማሰል ይበልጥበታል፤ ስም ያላወጣለት ሰው የለም። አንድ ቀን ሰውየው መመገቢያ ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ የተበጠሰ ገመድ ሲቀጥል አየውና፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ ሚስቱን ፈቶ ገመድ ያገባ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ካፒቴኑ ሳይቀር አባ ገመድ ይለው ጀመር።

ቀልዱ ግን ከእውነት ብዙም አልራቀም። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች። የተለያዩት ተጣልተው አይደለም፤ ለጠብ የሚበቃ ጊዜ አብረው ኖረው አያውቁም። ለብዙ ወራት ይሄዳል፣ ለጥቂት ሳምንታት ይመጣል፤ ሲመጣም ፎጣው የት እንደሚሰቀል ይጠይቃል። «አንተ ስትመጣ ቤቴ እንግዳ የገባ ይመስለኛል» አለችው አንድ ጊዜ፣ ሳትቆጣ። «ምን ላቅርብለት እያልኩ እጨነቃለሁ። ባል እንዲህ አይደለም።» በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ቤቱ ተዘግቶ አገኘው።

ሰው መርከበኛ ሲባል ማዕበልና ሩቅ አገር ይታየዋል። የአባ ገመድ ኑሮ ግን ዝገት ነው። የዴክ ሠራተኞች አለቃ ነው፤ ዴክ የሚሉት ሰማይ የሚያየውን የመርከቡን ጀርባ ሲሆን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ነው። ብረቱን ጨው ይበላዋል። እነሱ ዝገቱን በመዶሻ እያራገፉ፣ በሽቦ እየፋቁ፣ ቀለም ይቀቡታል። ከኋላ ጀምረው ፊት ሲደርሱ የኋላው እንደገና ዝጎ ይጠብቃቸዋል። ወደብ ሲገቡም ከተማ አያዩም፤ ክሬኖቹ ጭነቱን አራግፈው ሌላ ጭነት ከጫኑ መርከቡ ይነሳል። አባ ገመድ ያልረገጠው አገር የለም ይባላል። እሱን ብትጠይቁት ከአገሮቹ ሁሉ የሚያስታውሰው የሽቦ አጥርና የክሬን እግር ነው።

እናቱ የሞተችም እሱ ውቅያኖስ መሃል ሳለ ነው። መርዶው የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነበር። ፊቱን ታጥቦ ሥራ ገባ። ምን ያድርግ? መርከብ ላይ ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤት የለም፤ መዶሻ ሲመቱ ከመዋል ሌላ።

ከሥጋ ዘመድ የቀረችው አንዲት ታናሽ እህቱ ናት። እሱ የመጀመሪያውን መርከብ ሲሳፈር እሷ የወተት ጥርሷን ገና አልጣለችም ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያዋን፣ ጫማዋን፣ ስትታመም መድኃኒቷን ያሟላው እሱ ነው፤ አባት የሆነላት በስልክ ነው ማለት ይቻላል። አድጋ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ እዚያው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ ልጅ አገባች። ልጁ ሳቂታ ነው፤ ከመልኩ ይልቅ ጨዋታው ያምራል። አባ ገመድ ወደደው። መጋዘኑ ተዘግቶ ልጁ ሥራ ሲፈታ ግን ነገር መጣ፤ እህቱ ስታቅማማ ከርማ በመጨረሻ አፏን ሞልታ ለመነችው።

«ወስደህ አስገባው፣ ወንድም ጋሼ። ቤት ተቀምጦ ሲያረጅ ማየት አልችልም።»

«ባሕሩ ይሻላል ብለሽ ነው?»

«ባሕር አላውቅም። አንተን ነው የማውቀው።»

ሊሄዱ ሻንጣቸውን በር ላይ ባቆሙበት ዕለት የወንድሟን እጅጌ ይዛ አለቀቀችም። «አደራ» አለችው።

«አይዞሽ።»

«አይዞሽ አትበለኝ። አደራ ስልህ አደራሽን ተቀብያለሁ በለኝ።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ፣ እህት ዓለም።»

ባሏ ከኋላ ሆኖ፣ «ምነው፣ እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ? በሉ ፈርሙና ተረካከቡኝ!» አለ። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። አባ ገመድ አልሳቀም። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው እየተባለ ያደገ ሰው ነው።

ሼፉ ልጁን ገና በመርከቡ መወጣጫ ላይ እንዳየው «ሙሽራው» አለው፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሙሽራው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባልዲ አቅፎ ነው ያሳለፈው።

«አይዞህ» ይለዋል ሼፉ፣ ደረቅ ዳቦ እያቀበለው። «ባሕር መጀመሪያ ሆድህን ገልብጦ ይፈትሽሃል። ኮንትሮባንድ ካጣብህ ይለቅሃል።»

«የተረፈ ነገር የለኝም እኮ፣ ሼፍ።»

«አለ እንጂ። የሠርግህ ሥጋ ገና አልወጣም።»

ከተሻለው በኋላ ግን እጁ ፈጣን፣ ጉልበቱ ጥሩ ሆነ። ችግሩ እንቅልፍ ነው። ጠዋት ጠዋት አባ ገመድ የካቢኑን በር እየደበደበ፣ «ተነስ አንተ ሰነፍ! ባሕሩ ከአንተ በፊት ተነስቷል!» ይለዋል። ውስጥ ያለው ደግሞ፣ «ባሕሩ ሚስት የለውም፣ ሕልም አያይም!» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ዓይነት ወራት ሄዱ። አባ ገመድ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን ከራሱ ጋር ይዞ የተጓዘ መሰለው። ማታ ሙሽራው ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲያወራ፣ ወሬው እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ገመድ ይቋጥራል፤ ሲጨርስ ስልኩ ለእሱ ይደርሰዋል፤ «ደህና ነኝ፤ እሱም ደህና ነው፤ ይበላል» ይላል። ሌላ የሚለው የለውም።

በአንዱ ወደብ ግንድ ጫኑ። ልጡ ያልተነሳ፣ እርጥብ የጫካ ግንድ፣ የመርከቡን ሆድ አፍ እስከ ገደፉ ሞላው። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ አባ ገመድ ሰዎቹን ሰብስቦ ሁልጊዜ የሚናገረውን ተናገረ።

«ግንድ ተቆረጠ ማለት ሞተ ማለት አይደለም» አለ። «ተዘግቶበት ሲከርም አየሩን ይበላዋል። ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም፤ ጨለማው የትናንቱ ጨለማ ነው። ገብተህ አንድ ሁለቴ ስትተነፍስ ጉልበትህ ይከዳሃል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ አታውቀውም። ስለዚህ መርከቡ ሆድ ውስጥ አየሩ ሳይለካ ማንም አይገባም። ሰው ወድቆ ብታዩም አትግቡ። ደውሉ፤ ጭንብልና የአየር ጠርሙስ ያደረገ ሰው እስኪመጣ ቁሙ።»

ከመርከበኞቹ ሁሉ ግዙፍ የሆነው፣ ግንቡ የሚሉት ሰው፣ እጁን አጣጥፎ ይሰማ ነበር። «ወንድሜ ወድቆ እያየሁ ልቁም?»

«ትቆማለህ።»

«እንኳንም ወንድምህ አልሆንኩ!»

ሳቁ። ሙሽራውም፣ «የእኔ አማች ነው፤ ምን ይውጠኝ!» አለ። አባ ገመድ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠብቆ ደገመው፤ «ብዙ መርከብ ላይ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ሁልጊዜ ሊያወጣው የገባው ነው።»

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበር እንግዲህ።

ጭነቱ የሚራገፍበት ወደብ እየቀረበ ሲመጣ ምክትል ካፒቴኑ ወርዶ የመርከቡን አጥር ብረት አየና፣ ተቆጣጣሪዎች ሳይመጡ ነጭ ቀለም ይቀባ አለ። ፀሐይ ነበረች፣ ባሕሩም ረግቷል። ግንቡ ከወዲያ ጫፍ፣ አባ ገመድና ሙሽራው ከወዲህ ጫፍ ሆነው ይፍቃሉ፣ ይቀባሉ።

ከጭነቱ ክፍል ጎን አንዲት ጠባብ የብረት ክፍል አለች። አንድ ሰው የምታሾልክ ክብ ክዳን ዴኩ ላይ አላት፤ በክዳኗ ሲገባ ቀጥ ያለ መሰላል አለ፣ ከመሰላሉ ሥር ትንሽ የብረት ወለል፣ ከወለሉ ወዲያ ደግሞ ወደ ጭነቱ የሚያስገባ በር። ባለፈው ጉዞ መርከቡ የጫነው የብረት ቱቦ ነበር። ብረት ምንም አይተነፍስም ብለው የቀለም ቆርቆሮዎቹን ዝናብ እንዳይነካቸው እዚያ ወለል ላይ ደርድረዋቸዋል፤ በዚያ ጉዞ ሁሉ እየወረዱ ሲያመጡም ከርመዋል። ጭነቱ ሲቀየር ቆርቆሮዎቹን ያወጣቸው የለም። ያችን ክፍል ከመርከቡ ሆድ ቆጥሯት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የእነሱ የዕቃ ማስቀመጫ ናት። የውስጠኛው በር ጎማ ግን አርጅቶ ተሸራርፏል፤ የግንዱ አየር በዚያ እያሾለከ ሳምንታት ሙሉ ሲሞላት ነበር።

«ቀለሙ አለቀ፤ ላምጣ» አለ ሙሽራው።

አባ ገመድ ፊቱን ወደ ብረቱ እንዳዞረ፣ «ቶሎ በል» አለው።

ሌላ ምንም አላለም። ሌላ የሚባል ነገር እንዳለም በዚያ ሰዓት ትዝ አላለውም።

የሚፍቀውን ጨርሶ ቀና ሲል ሙሽራው አልመጣም። ሲጋራውን ተደብቆ እያጨሰ ነው ብሎ አሰበ፤ ሊቆጣው ተነሳ። በእግሩ እየሄደ ስድቡን በአፉ ሲያዘጋጅ ነበር። ክዳኑ ተከፍቷል። ጎንበስ ብሎ አየ።

ሙሽራው ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተጋድሟል። አንዱ ቆርቆሮ ተደፍቶ ነጩ ቀለም ቀስ እያለ ወደ ጆሮው ይፈሳል። ዓይኖቹ ተከፍተዋል። ከንፈሩ እንደ መናገር አለ።

ቅርብ ነው። እጅግ ቅርብ ነው። ወርደህ ብብቱን ይዘህ ሽቅብ ብትለው የሚወጣ ይመስላል። የአባ ገመድ ቀኝ እግር ከራሱ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ወርዶ መሰላሉን ረግጧል፤ እጆቹ የክዳኑን ጠርዝ ይዘዋል፤ የቀረው አንድ ትንፋሽ ነው። እዚያ ላይ ቆመ። አንጀቱ ግባ ይለዋል፤ ሲያስተምር የኖረው አፉ ደግሞ ራሱን ያዘው። እግሩን ከመሰላሉ ነቅሎ አወጣ።

ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ያነሳል። አባ ገመድ ከመልሕቅ እስከ ሬሳ አንስቷል። እንደዚያች እግር የከበደው ነገር የለም።

በሬዲዮው ጮኸ። ደወሉ ተደወለ። የአየር ጠርሙሶቹ ያሉት በመርከቡ ኋላ ነው፤ መርከቡ ደግሞ ረጅም ነው። እስኪመጡ ድረስ መግቢያው አፍ ላይ ተደፍቶ ወደ ታች ይጣራ ጀመር። ቆንጆ ቃል አልመጣለትም። የመጣለት የየጠዋቱ ነው፤ «ተነስ! ተነስ አንተ ሰነፍ! ተነስ እልሃለሁ!»

ሳይታሰብ ግንቡ ደረሰ። ቁልቁል አየና ጃኬቱን አውልቆ ጣለ።

«አትግባ!»

«ወደዚያ ዞር በል!»

«ጠርሙስ እየመጣ ነው። አትግባ!»

«እዚህ እኮ ነው ያለው! ይታየኛል!»

አባ ገመድ በወገቡ ተጠመጠመበት። ግንቡ በክርኑ መታው፤ አልለቀቀም። ሁለቱም ብረቱ ላይ ወደቁ። አባ ገመድ ተስቦ ሄዶ በመላ ሰውነቱ ክብ መግቢያው ላይ ተኛበት። ግንቡ ኮሌታውን ይዞ እያነሳ መልሶ ያላትመዋል፤ እያለቀሰ ነው የሚያላትመው።

«አማችህ እኮ ነው! እህትህን ያገባ ሰው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ!»

«ታዲያ ተነሳ! አንተ ፈሪ! አንተ አደራ በላ!»

«አልነሳም! ትሞታለህ፤ አልነሳም!»

አፍንጫው እየደማ ነበር። ደሙ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጨለማው ይንጠባጠባል።

ጭንብል ያደረገው ሰው መጣ። ጠርሙሱን በጀርባው እንዳዘለ ሊገባ ቢሞክር መግቢያው ጠበበው፤ አውልቆ፣ ከፊቱ አስቀድሞ፣ እንደገና ለመግባት ጊዜ ፈጀ። ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ አባ ገመድን ብትጠይቁት አይነግራችሁም። ከዚያ ገመድ ተላከ፤ ሙሽራው በብብቱ ታስሮ ወደ ብርሃን ተጎተተ። አባ ገመድም ከጎታቾቹ አንዱ ነበር። ሙሽራው ግማሽ ፀጉሩ በነጭ ቀለም ተለቅልቆ ሽማግሌ መስሏል። ሼፉና ምክትሉ እየተፈራረቁ ደረቱን ሲጫኑ ቆዩ። ሼፉ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «በል እንጂ ልጄ፣ በል እንጂ» ይላል፤ ያን ቀን ቀልድ አልነበረውም። በመጨረሻ ካፒቴኑ ወርዶ እጁን የሼፉ ትከሻ ላይ ሲያሳርፍ ሁሉም ገባቸው።

መርከብ ላይ ሬሳ የሚቆይበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሼፉ የሥጋ ማቀዝቀዣውን ባዶ አደረገ፤ ሥጋውን ለማንም ሳይነግር ባሕር ጣለው። እስከ ወደብ ሩዝና የቆርቆሮ ምግብ ሠራ። ያጉረመረመ የለም።

ካፒቴኑ ለድርጅቱ ቢሮ ደወለ፤ ቢሮው ለእህቱ ደወለ። የቢሮው ሰዎች በኋላ አባ ገመድን በስልክ አግኝተው ነገሩ እንዴት እንደሆነ በወግ በወጉ አስረዱት፤ ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይህን ነው። «ለቤተሰቡ ወዲያው እንዳረፈ፣ ማንም ሳያየው እንደ እንቅልፍ እንደወሰደው ነግረናል» አሉት። «ይህን ይዘው ቢቆዩ ለእነሱም ጥሩ ነው።» ሬሳው ከወደቡ በአውሮፕላን ተላከ። እሱም አብሮ ለመሄድ ጠየቀ። ተተኪ የለም ተባለ። ሣጥኑ በመኪና ተጭኖ ከክሬኖቹ እግር መሃል ሲያልፍ ከዴኩ ላይ ቆሞ ሸኘው፤ ከዚያ ክዳን ሊያስከፍት ሄደ፤ ግንዱ መራገፍ ነበረበት።

ግንቡ ለቀናት አላናገረውም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መጥቶ የካቢኑ በር ላይ ቆመ፤ በሩን ሞላው።

«አለቃ፣ ያን ቀን ያልኩህን...»

«እጅህ ከባድ ነው» አለው አባ ገመድ፣ አፍንጫውን እየነካ።

ግንቡ ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ብትለቀኝ ኖሮ ልጆቼ...» ብሎ ጀመረና ፊቱን አዙሮ ሄደ። ምስጋና መሆኑ ነው። ምስጋናው ከስድቡ ይልቅ ቆጠቆጠው። የሰው ልጆች አባት አትርፏል፤ እውነት ነው። የእህቱ ባል ግን እዚያው ቀርቷል። ይህን ከዚያ እየቀነሱ የሚያስተካክሉበት ሚዛን አላገኘም።

ከእህቱ ጋር በስልክ ያወሩት ጥቂት ነው። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ይሰማታል፣ መስመሩ ይቆረጣል። አንድ ነገር ግን በልቡ ቆርጧል፤ ቤት ሲገባ እውነቱን ይነግራታል። ሰው አደራ ሊበላ ይችላል። በልቶ አፉን መጥረግ ግን ሌላ ነው።

ኮንትራቱ አልቆ ሲመጣ ለቅሶው ካለፈ ወራት ሆኖታል። ለቀስተኛው ተበትኗል። ቤቷ ሁለት ክፍል ነች፤ በሩ ጀርባ የባሏ ጫማዎች አሁንም ተደርድረዋል፣ አቧራቸው ተጠርጓል። አቅፋው አለቀሰች። ከዚያ አስቀመጠችው፣ ምሳ አቀረበችለት፣ የሻንጣውን ልብስ አውጥታ አጠበች። ከመሄዱ በፊት ከነበረችው እህቱ ይልቅ ደግ ሆና አገኛት፤ ደግነቷ እንደ እሳት ፈጀው።

ልብሱን አስጥታ ገብታ ከፊቱ ተቀመጠች። «ከስተሃል» አለችው።

«አንቺም።»

«እኔስ እተኛለሁ፣ ተመስገን ነው። መጀመሪያ አልተኛም ነበር። ኋላ ግን ምን እላለሁ መሰለህ፤ እንኳን አልተሰቃየ፣ እንኳን ማንም ሳያየው እንደ እንቅልፍ ወሰደው። ስንት ሰው አለ በበሽታ የሚማቅቅ። እሱን ይዤ እተኛለሁ።»

አባ ገመድ እጆቹን አየ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሊውጠው ይችል ነበር። ይህን የሚከለክለው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ እሷም ደህና ትተኛ ነበር። ነገር ግን የደግነቷን ምግብ በልቶ፣ በእሷ እጅ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ነገ ጠዋት ፊቷን ማየት የማይችል መሰለው።

«እኔ አይቼዋለሁ» አላት።

«ምን?»

«እዚያው ነበርኩ። ቀለም ላምጣ ሲለኝ ቶሎ በል ያልኩት እኔ ነኝ። ሲቆይ ሄድኩ። ከታች ወድቆ አየሁት። እስትንፋሱ ነበረች።»

እህቱ አልተንቀሳቀሰችም።

«እግሬን አስገብቼ ነበር። አወጣሁት። ብገባ እኔም እዚያው እቀር ነበር፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፣ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሊገባ መጣ፤ እሱንም ከለከልኩት። መግቢያው ላይ ተኛሁበት። እርዳታው እስኪደርስ... ሳይደርስለት አረፈ።»

«ዓይኑ ተከፍቶ ነበር?»

ይህን ትጠይቀኛለች ብሎ አልጠበቀም። «አዎ።»

«አየህ? እሱ አንተን አየህ?»

«አላውቅም። እየጠራሁት ነበር።»

ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሷ ከቆርቆሮው አጥር ጋር ስትላተም እሱ ይደነግጣል፣ እሷ አትሰማም። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ለምን ነገርከኝ?» አለችው።

«እህት ዓለም...»

«ለምን ነገርከኝ፣ ወንድም ጋሼ? እሱ እንደሆነ ሄዷል። እኔ የነበረኝ ያችው እንቅልፍ ነበረች። እሷን ወሰድክብኝ።»

«ደብቄሽ እንዴት ልኑር?»

«እኔስ አውቄው እንዴት ልኑር? ለአንተ እንዲቀልህ ነው ለእኔ ያሸከምከኝ?»

አባ ገመድ ወደዚህ ቤት እስኪደርስ በልቡ ሲያጠናው የኖረው ንግግር ሁሉ በዚህ አንድ ጥያቄ ፈራረሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ ቢታሽ አይድንም። እውነት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ወለምታም አይደለም፤ የሚታሽበት ቦታ የለውም።

ተነስታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች፤ በሩን ሳትወረውር ቀስ ብላ ዘጋችው። ቆይታ ከበሩ ጀርባ ተናገረች።

«ብትገባ ሁለታችሁንም አጣ ነበር። ይሄ ይገባኛል። ደደብ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን አንተን ሳይ የእሱ ዓይን ይታየኛል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ይታየኛል እንጂ። ምን ላድርገው?»

«ልሂድ?»

በሩ እንደተዘጋ ቀረ። እሱም መልሱ ገባው። ልብሱ ገና አልደረቀም ነበር፤ እርጥቡን ከገመዱ አውርዶ በፌስታል ጠቀለለ፤ ጫማዎቹን እንዳይነካ ተጠንቅቆ በሩን ከፈተ።

ወደቡ አጠገብ መርከብ የሚጠብቁ ሰዎች የሚያድሩበት ቤት አለ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አልጋ ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ የማይሠራ ሰዓት ተሰቅሏል። የቀረውን የዕረፍት ጊዜ እዚያ አሳለፈው። ሰዎቹ ካርታ ሲጫወቱ ይመለከታል፣ እንዲጫወት ሲጠሩት እሺ ይላል፣ ይሸነፋል። ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል። አንድ ሁለቴ ሊደውልላት ከፍቶ ዘግቶታል። ምን ይላታል? ደህና ነኝ፣ እበላለሁ ይበላት?

መርከብ ተገኘለት። ካለፈው ያረጀ ነው፤ ዝገቱ ከሩቅ ይታያል። ሻንጣውን ይዞ መወጣጫው ሥር እንደደረሰ ስልኩ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለች እህቱ። ድምፅዋ ያልተኛ ሰው ድምፅ ነው።

«ልሳፈር ነው።»

«ዛሬ?»

«አሁን።»

ከላይ አንድ መርከበኛ ጎንበስ ብሎ፣ «አለቃ፣ ፍጠን እንጂ፣ መወጣጫው ሊነሳ ነው!» ብሎ ጮኸ። አባ ገመድ እጁን አውለበለበለት።

«ምን ጭናችኋል?» አለችው።

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃው አታውቅም። «አላውቅም ገና። እንጨት ነው አሉ።»

ትንፋሽዋ ይሰማዋል። ትዘጋዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ስማኝ» አለችው። «ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ይቅር የምለው ምን እንደሆነም አላውቅም። ወደ ቤት ናም አልልህም፣ ገና አልችልም። ግን እዚያ አንድ ሰው ወድቆ ብታይ...»

«እሺ።»

«አትግባ። የማንም ባል ይሁን፣ አትግባ። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ አትበለኝ።»

አባ ገመድ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። «አልገባም» አላት።

ስልኩ ተዘጋ። ኪሱ ከተተው፣ ሻንጣውን አነሳ፤ መወጣጫውን መውጣት ጀመረ።